በመድሃኒት ምክንያት የመጣ ውፍረትን መልሶ መቀነስ፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ መድሃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባንኮኒው ላይ በየሳምንቱ የማልሰማው ጊዜ የሌለ አንድ ቅሬታ አለ፦ «ይሄ ኪኒን አወፈረኝ።» አንዳንዱ ይህን ብሎ ምክር ይጠይቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ማንንም ሳያማክር መድሃኒቱን ያቋርጥና ከወራት በኋላ ሕመሙ አገርሽቶበት ይመጣል። ውፍረቱ እውነት ነው፤ መፍትሔም አለው። መፍትሔው ግን መድሃኒቱን በራስ ፈቃድ መተው አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው። መልሶቹ ለሁሉም የሚሆን አጠቃላይ መረጃ ስለሆኑ፣ የእርስዎን ካርድ የያዘውን ሐኪም አይተኩም።

መድሃኒት በእርግጥ ያወፍራል? ወይስ እኔ ነኝ አብዝቼ የበላሁት?

ሁለቱም ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚነካው የምግብ ፍላጎት ነው። ለምሳሌ ኦላንዛፒን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድሃኒት አንጎል ውስጥ የሂስታሚንንና የሴሮቶኒንን ሥራ ያግዳል። እነዚህ ደግሞ «ጠገብኩ» የሚለውን ስሜት ከሚያመጡት መካከል ናቸው። ሰውየው ምሳ በልቶ ሰዓት ሳይሞላው እንደገና ይርበዋል። ጣፋጭ ያምረዋል። መድሃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚለው መንቀሳቀስም ይቀንሳል።

ለአስም፣ ለቁርጥማትና ለመሳሰሉት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ በዚያ ላይ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። የኢንሱሊን ነገር ደግሞ ይለያል። ስኳሩ ከቁጥጥር ውጭ የነበረ ሰው የበላውን ስኳር በሽንት ሲያፈሰው ነው የከረመው። ሕክምና ሲጀምር ያ ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ መቅረት ይጀምራል። ከከሳ በኋላ የተመለሰው የመጀመሪያው ክብደት የማገገም ምልክት ነው። ችግር የሚሆነው ከዚያ አልፎ ሲሄድ ነው።

ስለዚህ «ሆዳም ሆንኩ» እያሉ ራስዎን አይውቀሱ። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ጥፋቱን ራሱ ላይ የሚያደርግ ሰው ያፍራል። ያፈረ ሰው ለሐኪሙ አይናገርም። ሐኪሙ ካልሰማ ደግሞ መድሃኒቱን የሚያስተካክልለት የለም።

የትኞቹ መድሃኒቶች ናቸው ክብደት የሚጨምሩት?

ከአእምሮ ሕክምና መድሃኒቶች ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ከሁሉ ይብሳሉ። ሪስፔሪዶንና ኩየቲያፒን መካከለኛ ናቸው። ለድብርት፣ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ይጨምራል፤ ፍሉኦክሰቲን ግን ያን ያህል አይደለም። ከሚጥል በሽታ መድሃኒቶች ቫልፕሮኤት ይታወቃል። ሊቲየምም አለ። ለአስም፣ ለቁርጥማት፣ ለኩላሊትና ለቆዳ ሕመም የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰዱ የታወቁ ናቸው። ከስኳር መድሃኒቶች ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ይጨምራሉ፤ ሜትፎርሚን አይጨምርም፣ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሳል። ከግፊት መድሃኒቶች ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ጥቂት ኪሎ ሊያመጡ ይችላሉ። በየ3 ወሩ የሚወጋው ዴፖ የተባለው የወሊድ መከላከያ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይጨምራል፣ በሌሎች ላይ ምንም አያሳይም። በኤችአይቪ ሕክምና አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒንም ክብደት ሊጨምር ይችላል።

አንድ ነገር ይለዩ። አምሎዲፒን የሚወስዱ ሰዎች እግራቸው አብጦ «ወፈርኩ» ይሉኛል። ያ ስብ አይደለም፣ የእግር እብጠት ነው። ቁርጭምጭሚትዎን በጣትዎ ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ ክብደት ስለመቀነስ ከማሰብ በፊት ለሐኪም ያሳዩት።

ፊቴ ድቡልቡል ሆነ፣ ሆዴ ወጣ፣ እግሬና እጄ ግን ቀጫጭን ናቸው። ምንድን ነው?

ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ለሳምንታት ከወሰዱ የዚያ ምልክት ይመስላል። እነዚህ መድሃኒቶች ስቡን ወደ ፊት፣ ወደ ማጅራትና ወደ ሆድ ያዛውሩታል። ጡንቻን ደግሞ ያሳሳሉ፤ በተለይ የጭን ጡንቻን። ከወንበር ሲነሱ እጅዎን መደገፍ ከጀመሩ ልብ ይበሉ።

መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሄደው የተጠራቀመው ውሃ ነው። ፊት ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ እያለ፣ በወራት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ይመለሳል፤ ጊዜ ይስጡት።

ፊት ለማቅላት የሚቀቡ ክሬሞችንም አስቡ። ክሎቤታሶል ያለባቸው አሉ፤ እሱም የዚሁ ዘር መድሃኒት ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ ተመሳሳይ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

መድሃኒቱን ባቆመው ክብደቱ አይወርድም?

ሊወርድ ይችላል። ግን በራስዎ አያቁሙ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ፕሬድኒሶሎን ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ኪኒኑ ከውጭ ሲገባ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ይቀንሳሉ። ኪኒኑ በአንድ ቀን ሲቀር እነሱ ገና አልነቁም። ሰውየው ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ነው ሐኪሙ መጠኑን በትንሽ በትንሹ የሚቀንሰው።

የሚጥል በሽታ መድሃኒት ድንገት ሲቀር ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የአእምሮ ሕመም መድሃኒት ሲቋረጥ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል፤ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ብሶ። የኤችአይቪ መድሃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ መድሃኒቱን ሊለምደው ይችላል። የኢንሱሊኑን መናገርም አያስፈልግም፤ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ሲያቆም በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ይገባል።

ዴፖ ትንሽ ይለያል። የሚቀጥለውን መርፌ አለመወጋት ይችላሉ፤ ነገር ግን ቀድመው ሌላ መከላከያ ይምረጡ። መውለድ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ይወቁ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ የጨመረ ሴቶች ከዚያ በኋላም የመጨመር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። እዚያ ውስጥ ካሉ ሳይዘገዩ ያማክሩ።

ታዲያ ለሐኪሜ ምን ልበለው? ሁልጊዜ ይቸኩላል።

አዎ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ሕይወት ፋናም ቢሄዱ የሚያገኙት ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ተዘጋጅተው ይግቡ። መድሃኒቱን ሲጀምሩ ስንት ኪሎ ነበሩ? አሁንስ? ይህን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። «ወፍሬያለሁ» ከማለት «በ4 ወር 9 ኪሎ ጨምሬያለሁ» ማለት የሐኪሙን ብዕር ያስቆመዋል።

ከዚያ ይጠይቁ፦ «ክብደት የማይጨምር ሌላ አማራጭ አለ? መጠኑ መቀነስ ይቻላል? ስኳሬ፣ ግፊቴና የደም ስቤ ይለካ?» የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። በኦላንዛፒንና በፕሬድኒሶሎን ስኳር ሳይታወቅ ሊጨምር ይችላል።

አማራጮች አሉ። ከአእምሮ መድሃኒቶች አሪፒፕራዞል ክብደት ላይ ቀላል ነው። ሃሎፔሪዶልም ብዙ አያወፍርም፤ የመንቀጥቀጥና የመገተር ችግሩ ግን ይብሳል። መድሃኒቱ መቀየር በማይችልበት ጊዜ አንዳንድ ሐኪሞች ሜትፎርሚን ይጨምራሉ። በኦላንዛፒንና በመሰሎቹ ምክንያት የመጣን ክብደት በተወሰነ መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ የሚተነፈሰውን መድሃኒት በትክክል ከተጠቀመ ፕሬድኒሶሎን የሚያስፈልገው ጊዜ ያንሳል። የሚተነፍሱበትን መንገድ አንድ ባለሙያ ፊት ያሳዩ፤ በስህተት የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው።

አንዳንዴ መልሱ «ሌላ አማራጭ የለም፣ ይህ መድሃኒት ነው ያዳነህ» ሊሆን ይችላል። እሱም መልስ ነው። ያኔ ቀሪው ሥራ ምግብና እንቅስቃሴ ላይ ይሆናል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የሚያወፍረው መድሃኒት ከቀረ ወይም ከተቀነሰ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ጥሩ ነው። መድሃኒቱ እየቀጠለ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቢያንስ አይገረሙ። የመጀመሪያው ድል አለመጨመር ነው። በየወሩ 2 ኪሎ ሲጨምር የነበረ ሰው ባለበት ከቆመ ብዙ ሠርቷል።

80 ኪሎ የሆነ ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ ያ 5 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ለግፊትና ለስኳር ግን ከ5 በመቶ ጀምሮ ያለው ቅነሳ ይጠቅማል። ስለዚህ የሠርግ ጊዜ ቀሚስዎን እንደ ግብ አያስቀምጡ፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ።

በየቀኑ አይመዘኑ። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ይበቃል። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ይሂዱ። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተው ወገብዎን በእምብርት ትይዩ ይለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ ሕመም ተጋላጭነት መጨመር ይጀምራል። ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ ሰው ሜትሩ ከሚዛኑ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ምን ልብላ? አጃና ሰላጣ መግዛት አልችልም።

አይግዙ። ሽሮ፣ ምስር፣ ፉል፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ማሽላና የፍየል ሥጋ ባለበት ከተማ አጃ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሚጠጡትን ያስተካክሉ። ድሬ ሞቃት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንጠጣለን። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር በቀን 5 ጊዜ የሚጠጣ ሰው 15 ማንኪያ ስኳር ጠጥቷል። ጭማቂ ቤት የሚጨመረው ስኳርም አለ፤ ማንጎው ራሱ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ። ፍሬውን ይብሉት፤ ጉዋቫ (ዘይቱን)፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ የወቅቱን። የጥማቱን በውሃ ይመልሱ። የሻዩን ስኳር በአንዴ መተው ከከበደ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። እኔ ከሁሉም ምክር በላይ ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት ይሄኛው ነው።

ከዚያ ዘይቱን ይለኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ወጥ ሲሠራ ከጀሪካኑ በዓይን ግምት የሚፈስ ዘይት አይታወቅም። በማንኪያ ይለካ። በወር የሚገዛውን የዘይት መጠን ማወቅም ይረዳል፤ በሚቀጥለው ወር በሩብ ለመቀነስ ይሞክሩ። የቤቱ ሰው ጣዕሙን አይለየውም፤ ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ እንጂ።

ፈጢራን ተዉ አልልም። ማር የፈሰሰበት ፈጢራ የድሬ ጠዋት ነው። ግን በየቀኑ አይሁን፤ በሳምንት አንዴ፣ ለሁለት ተካፍለው። በሌላው ቀን ፉል ወይም እንቁላል በቲማቲም በትንሽ ዳቦ ይብሉ። ጠዋት ባቄላ ወይም እንቁላል የበላ ሰው ረሀቡ ቶሎ አይመለስበትም። መድሃኒቱ ረሀብ ለሚያመጣበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳምቡሳና ባጊያም እንደዚሁ፤ በየማዕዘኑ ስለሚጠበሱ ብቻ በየማዕዘኑ መበላት የለባቸውም። ሙሸበክና ሐልዋ የሚባሉት ጣፋጮች ቤትዎ ውስጥ አይቀመጡ። እንግዳ ሲመጣ ይገዛሉ።

ከጋራ ትሪ መብላት ያምራል፤ ግን ምን ያህል እንደበሉ አያሳይም። ክብደት እየቀነሱ ባሉበት ጊዜ ድርሻዎን ወደ ፊትዎ ያውጡ። መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን፣ ከዚያ ሥጋውን፣ እንጀራውን በመጨረሻ ይብሉ። ሩዝና ፓስታ በአንድ ሰሃን አይደራርቡ።

ማታ ኪኒን ውጠው ከመተኛትዎ በፊት የሚይዝዎት ረሀብ አለ። እሱን በጉልበት አያሸንፉትም። እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ላይ ካሮት፣ ኪያር ወይም አንድ ፍሬ ያስቀምጡ። ብስኩቱ ከቤት ይጥፋ።

ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ ጨው ይቀንሱ። ጨው የሚደበቀው ቢስባሱ (የቃሪያ ማባያው) ውስጥ፣ ሚጥሚጣው ውስጥና የሾርባ ኪዩቡ ውስጥ ነው። አጥንትም ስለሚያሳሳ ካልሲየም ያስፈልግዎታል፤ የላምም ሆነ የግመል ወተት ያለ ስኳር ጥሩ ነው።

ጫት ስቅም አልራብም። ለመቀነስ አይረዳኝም?

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እውነት ነው። የሚዘጋው ግን ለሰዓታት ነው። ከበርጫው ጋር ለስላሳው፣ ጣፋጩ ሻይና ለውዙ ይገባል። ምርቃናው ሲወርድ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣው አልኮል፣ ይከተላል። ከዚያ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የሚበላ ከባድ እራት አለ። እንቅልፍ ደግሞ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ የበለጠ ይርበዋል። በጫት የከሳ ሰው ታውቁ ይሆናል፤ ጤናው ግን አብሮ ነው የሄደው።

ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነው። የአእምሮ ሕመም መድሃኒት የሚወስድ ሰው ጫት ሲቅም ሕመሙ ሊቀሰቀስበት ይችላል። ግፊትም ይጨምራል። የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪምዎ አይደብቁ፤ እሱ መድሃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። የበለጠ መጠን ማለት ደግሞ የበለጠ ረሀብ ነው።

በዚህ ሙቀት እንዴት ስፖርት ይሠራል?

ጠዋት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ ረፋድ 3 ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ አታስቆምም። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ግን የእርስዎ ነው። ከባቡር ጣቢያው ተነስተው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት መሄድ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ማለት ነው። ሐረር ያላችሁ ታድላችኋል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የጀጎል ግንብ ዙሪያውን ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አንዴ መዞር የቀኑን ድርሻ ይሸፍናል።

ለአጭር መንገድ ሁሉ ባጃጅ መያዝ ልማድ ሆኖብናል። ከቀፊራ ገበያ ሲመለሱ ዕቃው ካልከበደ በእግር ይምጡ።

ፕሬድኒሶሎን ጡንቻዎን ካሳሳው እግር ጉዞ ብቻ አይበቃም። ከወንበር ላይ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ በቀን ሁለቴ። ቀላል ይመስላል፤ ጭን ይመልሳል።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው በሙቀት ብዙ ካላበው ወይም ድንገት ጨው ካቆመ መድሃኒቱ ደሙ ውስጥ ሊጠራቀምና ሊመርዘው ይችላል። አንዳንድ የአእምሮ መድሃኒቶችም ሰውነት ሙቀቱን እንዳያስተካክል ያደርጋሉ። በቀትር አይሩጡ፤ ውሃ ይያዙ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ ወይም መወላገድ ከመጣ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጾሙ ወይም ረመዳኑ አይቀንሰኝም?

ቀንሶት የሚያውቅ ሰው አለ፣ ጨምሮበት የሚወጣም አለ። ልዩነቱ ጾሙ ሲገደፍና ኢፍጣር ላይ የሚበላው ነው። የጾም ወጥ ዘይት ይበዛበታል። ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳውና ጣፋጩ መጠጥ አንድ ላይ ይመጣል። በቴምርና በውሃ ከፍተው ሾርባ ይጠጡ፣ ትንሽ ቆይተው ዋናውን ይብሉ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ግን ከመጾምዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ሳይበሉ እነዚህን መውሰድ ስኳርን በጣም ያወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ያመጣል። ይህ ከተሰማዎት ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር ይጠጡ። ይህ ምክር ከጾም ውጭም ይሠራል፦ ምግብ ለመቀነስ ሲወስኑ የእነዚህ መድሃኒቶች መጠንም አብሮ መታየት አለበት።

የቦርጭ ማጥፊያ ሻይስ? ኦዜምፒክስ?

ብዙዎቹ «የማቅጠኛ ሻይ» የሚባሉት ውስጥ ያለው ሰናማኪ ነው፤ የሚያስቀምጥ ቅጠል። ሚዛኑ ላይ የሚወርደው ውሃ ነው፣ ስቡ የትም አልሄደም። ተቅማጡ የሚወስዱትን ኪኒን ሳይሠራ ሊያወጣው ይችላል። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆን ደግሞ ፖታሲየምን አብዝቶ ያወርዳል፤ ያ ልብን ይነካል። እኔ ባንኮኒ ላይ ይህን ከኪኒን ጋር ማንም እንዲወስድ አልመክርም። ሎሚ በሞቀ ውሃ ጉዳት የለውም፣ ስብም አያቀልጥም።

ኦዜምፒክ እውነተኛ መድሃኒት ነው፤ ውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ ይባላል። በሳምንት አንዴ የሚወጋ የስኳር መድሃኒት ሲሆን ክብደትም ይቀንሳል። ሐኪም ካዘዘው ሌላ ነገር ነው። ሲቆም ግን ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ከመከፈቱ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በድሬ ሙቀት በቦርሳ የመጣን መርፌ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ሐሰተኛ ኦዜምፒክ መገኘቱን አስጠንቅቋል። በስልክ ከማያውቁት ሰው አይግዙ።

ስወፍር «አምሮብሻል» አሉኝ። ስቀንስ ደግሞ «ታመመች» ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ።

ይህን ጥያቄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

እኛ ዘንድ ውፍረት የምቾት ምልክት ነው። «አቦ፣ ተመችቶሃል!» ይላል ጓደኛ በፍቅር። መክሳት ደግሞ ወሬ ያመጣል። «ምን ሆነች? ምን ይዟት ነው?» በተለይ ሰው የማያውቀው ሕመም ላለበት ሰው ያ ጥያቄ ያስጨንቃል። የኤችአይቪ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ውፍረቱን እንደ መከለያ ይቆጥረዋል። የአእምሮ ሕመም መድሃኒት የሚወስድም ጎረቤት እንዳያውቅበት ይፈልጋል። ስለዚህ መቀነስ ያስፈልገዋል፣ ግን መቀነሱ እንዳይታይ ይፈልጋል።

የምመክረው ይህን ነው። ቀስ ብለው ይቀንሱ፤ በወር 2 ኪሎ የሚወርድ ሰው ማንንም አያስደነግጥም። አንድ አጭር መልስ ያዘጋጁ። «ስኳር አቁሜ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ» በቂ ነው፤ እውነትም ነው። ስለ ሕመምዎ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ቤት ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ቢሆን ይመረጣል። እናቶችና እህቶች «ብላ እንጂ፣ ለመድሃኒቱ አቅም ይሆንሃል» እያሉ በፍቅር ያስጨንቃሉ። ያልተነገራቸው ሰዎች ሊረዱ አይችሉም።

ለምታዩ ሰዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ሰው ገላ አስተያየት መስጠት ሰላምታ አይደለም። «ደህና ነሽ?» ብቻ በቂ ነው።

እኔ ለመወፈር ብዬ ነው ኪኒን የጀመርኩት። አሁን ማቆም እፈልጋለሁ።

ለማወፈር ዴክሳሜታሶንና ሳይፕሮሄፕታዲን የሚወስዱ አሉ። ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድሃኒት ነው፤ ያስተኛል፣ ያስርባል። ዴክሳሜታሶን ከሆነ የወሰዱት፣ ለስንት ጊዜና በስንት መጠን እንደሆነ ለሐኪም በግልጽ ይንገሩ። ለሳምንታት ከወሰዱ በድንገት አያቁሙ። ምን እንደሆነ የማያውቁት ስም የሌለው ኪኒን ከሆነ ማሸጊያውን ወይም የቀረውን ይዘው ይምጡ። አይፈሩ፤ ባለሙያው ሊረዳዎት እንጂ ሊቆጣዎት አይገባም።

መቼ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ?

በቀናት ውስጥ ብዙ ኪሎ ከጨመሩና እግርዎ ካበጠ፣ ተኝተው መተንፈስ ካቃተዎት። ውሃ ጥም ከበዛና ሽንት ከተመላለሰ። ፕሬድኒሶሎን ካቆሙ በኋላ ማስመለስና መዛል ከመጣ። ሳይሞክሩ ክብደት በፍጥነት ከወረደ፣ ከትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር። የመጨረሻው የምስራች አይደለም፤ ይመርመሩት።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ በሚጥል በሽታ መድሃኒት ወፈረች። ምን ላድርግ?

ልጅን ለብቻዋ አያስርቡ። እያደገች ነው፤ ብዙ ጊዜ ግቡ ቁመቷ ሲጨምር ክብደቷ ባለበት እንዲቆይ ነው። የቤቱ ገበታ ለሁሉም ይለወጥ፤ ለስላሳው ለወንድሞቿ እየተገዛ ለእሷ አይከልከል። ክፍል ውስጥ የሚያሾፉባት ካሉ ለመምህሯ ይናገሩ።

የምትወስደው ቫልፕሮኤት ከሆነ ከክብደቱ በላይ ሌላ ምክንያትም ስላለ ቶሎ ይጠይቁ። ይህ መድሃኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ በፅንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ለአቅመ ሔዋን ለደረሱ ሴቶች ልጆች ሌላ አማራጭ ካለ ሐኪሞች እሱን ያስቀድማሉ። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ክብደት ላይ ቀላል ናቸው፤ ለእሷ ዓይነት ሕመም ይሆኑ እንደሆነ የሚወስነው ግን የነርቭ ሕመም ሐኪሟ ነው። ለውጡ ከተወሰነ አዲሱ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ አሮጌው ቀስ እያለ ይቀነሳል። እስከዚያ አንድም ኪኒን አታሳልፍ።